በአባቴ ፋንታ የጻፍሁት መልስ

ባለፈው ሳምንት ሐምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ ነፈሰ። መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ወትፌ፣ ያም ሆኖ የበረሃው አቧራ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። በጣቴ ጠረግ አድርጌ አየሁት። ቀይ ነው። እኛ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ሳለን የምናውቀው አቧራ ግን ነጭ ነበር፤ እንደ ዱቄት የላመ። ባሰጣነው ልብስ ላይ ያርፋል፣ ከዳቦ ጋር ይታኘካል፣ ጥርስ ሥር ቅጭ ይላል። እሱን ካነሣሁ ዘንድ የማልወደውን ነገር ማውራቴ ነው። ቢሆንም ላውራው።

ሃያ ዓመቴ ነበር። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንመጣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበርሁ ዕብራይስጡን ቶሎ ለመድሁት። አባቴ ግን አልሆነላቸውም። ጎንደር ሳሉ የሦስት መንደር ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። አሽዶድ ላይ ሥራ ሲጠይቁ ዕድሜዎ ገፍቷል፣ ቋንቋ የለዎትም ተባሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የወደቡን ክሬኖች ሲያዩ ዋሉ። መጀመሪያ ወሬ ቀነሱ፤ ቀጥሎ ማዕድ ሲቀርብ የሚያሰሙት ምርቃት ወደ ማንሾካሾክ ወረደ፤ በመጨረሻ እሱም ቀረ። እናቴ ሳህኑን ከፊታቸው እያኖረች «ኧረ ባክህ፣ ብትቆጣም ተናገር» ትላቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ያገራችን ሰው ከከተማው ደቡብ፣ ከአሸዋው ኮረብታ ማዶ ወዳለው የድንጋይ ካባ አስገባቸው። ማሕጸባ ነበር የምንለው። የድንጋይ መፍጫውን ጥርስ የሚያድስ ብረት አዋቂ ይፈልጉ ኖሯል። አባቴ በሳምንቱ ድምፃቸው ተመለሰ። ከሥራ ሲመጡ ከታች ከደረጃው ጀምሮ ይሰማሉ፤ እየሳቁ፣ እየተቆጡ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በስሙ እየጠሩ። በበጋው ከመንገድ ዳር የለቀሙትን የቁልቋል ፍሬ በራስ ቁራቸው ሞልተው ያመጡልን ነበር። እሾሁን በቢላ እየላጡ «ይህማ የኛው አገር ነው» ሲሉ እናቴ ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር። የደስታ ነው።

እንዲህ እንዳለን የካባው ፈቃድ ሊያልቅ ነው ተባለ። ባለቤቶቹ ዕድሜው ለተጨማሪ ዓመታት እንዲራዘም ጠየቁ። ያን ጊዜ ከሩሲያ ሰው ይጎርፋል፣ ሕንጻ በየቦታው ይቆማል፣ ድንጋይ ይፈለጋል። ካባው ሲከፈት ግን ሰፈሩ ሩቅ ነበር፤ አሁን ከተማው እስከ አፋፉ ደርሷል። ሰው ለሁለት ተከፈለ። በአውቶቡስ ፌርማታው፣ በሱቁ፣ በምኩራቡ ደጃፍ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። አንዱ «እንጀራችን ነው» ይላል፣ ሌላው «የልጆቻችን ሳንባ ነው» ይላል። አንድ ደረጃ የሚወጡ ሴቶች ሰላምታ ተነፋፈጉ። በመጨረሻ የነዋሪው አሳብ በጽሑፍ ይጠየቅ ተባለ።

እኔ በሰፈሩ ማትናስ፣ ያው በማኅበረሰቡ ማዕከል፣ ብሔራዊ አገልግሎቴን እሰጥ ነበር። አለቃዬ አንድ ክምር ወረቀት ሰጠችኝ። «ያንቺ ሰዎች አያነቡም። አንቺ ጠይቂያቸው፣ አንቺው ሙዪላቸው» አለችኝ። ከጥያቄው ሥር ሦስት ሳጥን አለ፦ ይቀጥል፣ ይዘጋ፣ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ዞርሁ። ያገራችን ሽማግሌ ቀጥታ ተጠይቆ ቀጥታ አይመልስም። «መንግሥት ያወቀው ይሁን» ይላል። «አንቺስ ልጄ፣ የትኛው ይሻልሻል?» ይላል። ቁጭ ብዬ ሲቆይ ግን እውነቱ ይወጣል። ከቀን ወደ ቀን ክምሩ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል አየሁ። ይዘጋ፣ ይዘጋ፣ ይዘጋ።

ከኛ በታች ያለችው እትየ የሺ ከኛ ከዓመታት በኋላ የመጣች፣ ባሏ ሱዳን የቀረባት፣ ዳኒ የሚባል የአራት ዓመት ልጅ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲስቅ እንኳ ደረቱ ያፏጫል። ገና ጥያቄውን ሳልጨርስ እጄን ያዘችኝ።

«ይዘጋ ብለሽ ጻፊ። ሁለት ጊዜ መጻፍ አይቻልም?»

«አንድ ጊዜ ነው፣ እትየ የሺ።»

«እንግዲያው አድምቂው። አባትሽ አያ ቢያድጌ ግን ይቀየሙኝ ይሆን? እንጀራቸው ነው። ምን ላድርግ ብለሽ ነው፣ ልጄን ካጣሁ ማን አለኝ?»

አድምቄ ጻፍሁላት። ያን ቀን ገና ሐቀኛ ነበርሁ።

በማግስቱ አባቴ ከሥራ ገብተው፣ ታጥበው፣ ዳቦና ቲማቲም ቀርቦላቸው ሳለ ወረቀቱን ከእጄ አዩት።

«እኔንስ አትጠይቂኝም?»

«ያንቱማ ይታወቃል፣ አባ።»

«የሚታወቅ ቢሆን ለምን ይጠይቃሉ? ጠይቂኝ።»

ጠየቅሁ። ዳቦውን አስቀመጡና «ይዘጋ» አሉ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «አባ፣ ከተዘጋ እኮ ሥራ የለም። ወደ በረንዳው መመለስዎ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። የየሺ ልጅ ይህችን ደረጃ ለመውጣት ሦስት ቦታ ይቀመጣል። እኔ በማስነሣው አቧራ ነው የሚቀመጠው። በነጋ በጠባ ሰላም ሲለኝ አፍራለሁ። ጻፊ።»

በረንዳው ላይ ያለችው ባዶ ወንበር ከተቀመጥሁበት ትታየኝ ነበር። እያዩኝ፣ ብዕሬን «ይቀጥል» ከሚለው ሳጥን ላይ አሳረፍሁና ምልክት አደረግሁ። አባቴ ዕብራይስጥ አያነቡም። እጄን ተከትለው አዩና «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌላው ቀላል ሆነ። መኝታ ክፍሌን ዘግቼ አዲስ ወረቀት አወጣሁ፤ የሽማግሌዎቹን፣ የሴቶቹን፣ የእትየ የሺንም ጭምር «ይቀጥል» እያልሁ እንደገና ጻፍሁት። የድሮውን ቀዳድጄ በፌስታል ቋጥሬ ሩቅ ሰፈር ወስጄ ጣልሁ። ክፉ ሥራ እንደ ሠራሁ አውቅ ነበር። ግን አባቴን እያዳንሁ ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱ በማትናሱ አዳራሽ ሲነበብ ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። አንዱ ሹም ወረቀት ይዞ ሌሎቹን ሰፈሮች ጨረሰና «የኢትዮጵያ ተወላጆች በአብዛኛው መራዘሙን ይደግፋሉ» አለ። አንድ ዕብራይስጥ የሚሰማ ጎልማሳ ለአጠገቡ ተረጎመ፤ አጠገቡ ላጠገቡ። የኛ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እትየ የሺ ዳኒን እንዳቀፈች ተነሣች።

«እኔ እንዲህ አላልሁም! ይዘጋ ነው ያልሁት! ይህች ልጅ ምስክሬ ናት!»

ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደምትል ጠየቀኝ። አዳራሹ ሁሉ አየኝ።

«ልጇ ታሟል ነው የምትለው» አልሁ።

ይህም እውነት ነበር። ሹሙ አንገቱን በሐዘኔታ ነቀነቀና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

አባቴ የፊተኛውን ወንበር ይዘው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ነበር። አዩኝ። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ ልጃቸው በሕዝብ ፊት ውሸታም ትባላለች። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ ዞር ሳይሉ፣ «ቃሌን ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

የካባው ፈቃድ ተራዘመ። የኛ ድምፅ ምን ያህል እንደ መዘነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባትም ከንቱ ነበር። አባቴ እስኪዘጋ ድረስ ሠሩበት፤ ከደረጃው ሥር ግን ድምፃቸውን ዳግመኛ አልሰማሁም። ለአንድም ቀን አልተቆጡኝም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንዳስተረጉምላቸው አልፈቀዱም። ኩፓት ሆሊም፣ ያው ሕክምና፣ ሲሄዱ ልከተል ስነሣ «ተቀመጪ» ይሉኛል። ብቻቸውን ሄደው ሐኪሙ የሚለውን ሳይሰሙ፣ «ቶዳ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብለው ይመለሳሉ። ኋላ ሳል ሲጸናባቸው እንኳ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱት የሚጠይቁት መንገደኛ ነበር።

እትየ የሺ ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ሮቫ ሄ፣ ተዛወረች። በሠርግ፣ በስግድ በዓል ስንገናኝ እኔን አገላብጣ ትስመኛለች፤ አባቴን ግን ፊቷን ታዞርባቸዋለች። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ይገርመኝ ነበር። ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። የፈራሁት፣ ብጠይቃት እውነቱን መናገር ግድ ይሆንብኛል ብዬ ነው።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፉ። በሐዘኑ በስድስተኛው ቀን እትየ የሺ መጣች፤ ዳኒ ደግፏት። ዛሬ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የትንፋሽ መድኃኒቱ ከሸሚዙ ኪስ አይጠፋም። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ሁሉንም ነገርኋት። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አንቺ ነሽ?» አለች። «ከስብሰባው በማግስቱ አባትሽ ቤቴ መጡ። ድንጋይ ተሸክመው እግሬ ሥር ተንበረከኩ። ‹ልጅቱ ያልሽውን ጽፋ ነበር፤ እንጀራዬን ፈርቼ አስገድጄ ያስቀየርኋት እኔ ነኝ፤ እሷን አትቀየሚያት› አሉኝ። ይቅርታ አላልኋቸውም። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሰላም ነሣኋቸው። አሁን ለማን ነው የምነግረው?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሣም።

ከጥቂት ወራት በፊት ዳኒን በሥራው ላይ አገኘሁት። እናቱ ዓርብ ዓርብ ጧት በሱ አውቶቡስ ተሳፍራ ከአባቴ መቃብር ዘንድ እንደምትወርድ ነገረኝ። «ምን ታደርጋለች?» አልሁት። «ምንም። ‹እንደምን አደሩ፣ አያ› ትላለች፤ ትንሽ ትቆማለች፤ ትመለሳለች።»

ሰውን ከመከራ ለማዳን ብሎ ቃሉን መስረቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በሃያ ዓመቴ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም የምሰማ አይመስለኝም። የሺ የነፈገችውን ሰላምታ ከነወለዱ እየከፈለች ነው። እኔ ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር ልብሴን ለብሼ ፌርማታው ድረስ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ እሷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔ ሳልወጣ በሩ ይዘጋል። ነገ ዓርብ ነው፤ እሳፈር እንደሆን አላውቅም።