ከዚሩ ጎን ውሃ ስሸጥ

ባለፈው ሳምንት እህቴን ዘይነባን ለዓይን ምርመራ ወደ አንድ ሆስፒታል ወስጃት ተራ ስንጠብቅ፣ አንድ ወጣት መጠጥ የሚሸጥ ማሽን በጥፊ ሲመታ አየሁ። ብሩን ውጦበታል። በመስታወቱ ውስጥ የውሃ ጠርሙሶቹ ተሰልፈው ይታያሉ፤ አንዳቸውም ግን ንቅንቅ አላሉም። ልጁ በጥፊ መታው፣ በጉልበቱ ገፋው፣ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ እጁን በማውጫው ቀዳዳ እስከ ክርኑ ከተተ። ጥበቃው ከሩቅ "ኧረ ተው!" አለው። የማሽኑ ባለቤት ግን በአካባቢው የለም። እንዲህ ያለው ማሽን ባለቤት ሲፈለግ አይገኝም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው፤ እኔም በጊዜዬ ብዙ ዳውላ ተደብድቦብኛል።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ካርቱም ውስጥ የዚህ ማሽን ታላቅ ወንድም የሚሆን አሮጌ ሣጥን ነበረኝ። ነበረኝ ማለቴ እንኳ ድፍረት ነው፤ የተገዛው በዘይነባ ጥሪት ነው።

ዘይነባ ከወሎ ወጥታ ካርቱም ከገባች ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስድስቱንም ዓመት ያሳለፈችው በአንድ ሀብታም ቤት ስታጥብ፣ ስትተኩስና ስታበስል ነው። እኔ ተከትያት ሄጄ ዴም ሰፈር ከአምስት የአገር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርቼ በግንባታ ላይ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ትመጣና ሳጃና ሰፈር ካሉት ፉል ቤቶች በአንዱ እንቀመጣለን። ፉሉ በጠርሙስ ቂጥ ይደቆስና የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል፤ በላዩ ሽንኩርትና አይብ። እጆቿ በበረኪና ተልጠው ስለነበር ዳቦውን በጣቷ ጫፍ ነበር የምትቆርሰው። ስለ ሀብት ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሰይዶ፣ አንድ ቀን ሰው ሳይጠራኝ፣ በራሴ ሰዓት ብነቃ ምናለበት?"

ይህች ቃል ነበረች ያሳበደችኝ። ታዲያ አንድ ቀን ሱቅ ዐረቢ የሚሉት ገበያ፣ ከሚኒባሶቹ ጀርባ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ማሽኑን አገኘሁት። ከአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በመርከብ የመጣ ነው፤ አንድ ጎኑ ተጨርምቷል። ነጋዴው እንደ ግመል ሻጭ ጎኑን እየመታ "አይተኛም፣ አይበላም፣ አይሰርቅም፤ አንተ ተኝተህ እሱ ይሸጥልሃል!" አለኝ። ሦስቱም ውሸት ነበሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይተኛል፤ የገባለትን ሁሉ ይበላል፤ የበላውንም ይክዳል። እኔ ግን "ተኝተህ ይሸጥልሃል" የምትለዋ ላይ ቀልቤ ቀርቶ ነበር። በዚያው ዓርብ ዘይነባን አፈር ስሆን ብዬ ለመንኳት። "እታለም፣ ከእንግዲህ የሰው ቤት አትገቢም" ብዬ ማልኩላት። ጥሪቷን ሰጠችኝና ሥራዋን ለቀቀች። ወጣት መሆን ደግ ነገር ነው ይላሉ፤ የወጣት እህት መሆንን ግን እሷን ጠይቋት።

ቦታ ያገኘነው ሳጃና ውስጥ፣ ከአንዲት ክሊኒክ በር አጠገብ ካለ ፋርማሲ ደጃፍ ነው። ባለፋርማሲው ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ ጥምጣማቸው የማይዛነፍ ሽማግሌ ነበሩ። መብራቱን ከውስጥ በገመድ ሊሰጡን፣ ለቦታውም ኪራይ ላይጠይቁን ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። ደጃፉ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ በብረት መቀመጫ ላይ ሁለት ዚሮች ነበሩ። ዚር ማለት ለአላፊ አግዳሚው በነጻ ውሃ የሚቀመጥበት፣ ቂጡ የሾለ ትልቅ ገንቦ ነው። ሐጁ እነዚህን ያስቀመጡት ለሞቱት እናታቸው ነፍስ ሰደቃ እንዲሆን ነው። "ባለጋሪው አደም በየጠዋቱ በአህያ ውሃ ያመጣል፤ እኔ እከፍላለሁ። አንተ ደግሞ ትሞላለህ" አሉኝ። "ኢንሻአላህ" አልኩ፤ የተስማማሁበት ነገር የገባኝ ግን ከሳምንት በኋላ ነው።

በየጠዋቱ ከአደም በርሜል በባልዲ እየቀዳሁ የሁለት ገንቦ ነጻ ውሃ እሞላለሁ። ከዚያ እጄን አራግፌ በማሽኑ ውስጥ የሚሸጠውን ውሃ እደረድራለሁ። ደንበኛው ይመጣል፤ ማሽኑን ዞሮ ያየዋል፣ ያደንቀዋል፣ "ማሻአላህ" ይለዋል። ከዚያ የመጠጫ ቆርቆሮውን ከዚሩ አንስቶ ጨልጦ ይጠጣና፣ ማሽኔን ተደግፎ አረፍ ይላል። አንዳንዱ እኔንም "ተፈደል" ብሎ ይጋብዘኛል፤ እኔው የሞላሁትን! ከሁሉ የሚያናድደኝ የዚሩ ውሃ መጣፈጡ ነበር። ገንቦው ላብ እያላበው ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገርም አለው። እኔ ራሴ ሰው በማያይበት ሰዓት ከዚያው ነበር የምጠጣው።

በዚያ ላይ ማሽኑ የሚቀበለው የመጣበትን አገር ሳንቲም ብቻ ነው። መላ ፈጠርኩና በሳንቲሙ ልክ የተቆረጠ ክብ የብረት ሮንዴላ አሠራሁ። ዘይነባ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሮንዴላውን ትሸጣለች፣ ሰዉም ይከታል። ሻጭ የማይፈልግ ማሽን ገዝቼ ሻጭ ቀጠርኩለት ማለት ነው። ሰዉም ቢሆን ሮንዴላውን ከእሷ ገዝቶ መልሶ ለእሷው ይሰጣትና "አንቺው አውጭልኝ" ይላል። ከሰው እጅ መቀበል ለምዷላ! በሁለተኛው ወር ደግሞ የሰፈሩ መካኒኮች የራሳቸውን ሮንዴላ እየፈተሹ ልኩን አገኙት። አንድ ቀን ሣጥኑን ስከፍተው የእኛ ያልሆነ፣ በግራሶ የተለወሰ ብረት ዝርግፍ አለ። ጠርሙሶቹ አልቀዋል። ዘይነባ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ግንቦት ገባ። የካርቱም ግንቦት ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው፤ አቧራው ተነስቶ ሰማዩን ሲሸፍን ቀትሩ ይመሽብሃል። በዚያ ሰሞን የዘይነባ የቀድሞ እመቤት በሾፌሯ መልእክት ላከች። እስከ ሐሙስ ካልተመለሰች ሌላ ሠራተኛ ልትቀጥር ነው። ማታ ዘይነባ ነጠላዋን አጥባ ስታሰጣ አየኋት፤ ለሥራ መመለሻ መሆኑን አወቅኩ። አትገቢም ብዬ የማልኩላት ግን እኔ ነበርኩ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ማለዳ ዘይነባ ሮንዴላ ልታመጣ ወደ ብረት ሠሪው ሄዳ ነበር። አደም ጋሪውን እየነዳ መጣ።

"ያ ሰይድ፣ ስንት ባልዲ?"

"ዛሬ ሙሉ ናቸው" አልኩት።

አህያውን "ያላ" ብሎ ሄደ። ዚሮቹ ውስጥ የቀረው ከእፍኝ አይበልጥም ነበር።

እስከ ረፋዱ ውሃው አለቀ፤ ከዚያ ማሽኔ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። መብራቱም በዚያ ቀን፣ እንደ ተነጋገርን ሁሉ፣ አልጠፋም። ሰዉ ተሰለፈ። ጠርሙሱ ዱብ ባለ ቁጥር ልቤ ዱብ ይላል፤ ከደስታ ነው ብዬ ነበር። ሐሙስ ሳይደርስ እህቴን አስቀራታለሁ እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ዘይነባ ስትመለስ አንዲት ሴት ከክሊኒኩ ወጥታ ዚሩ ጋ ቆማለች። ትኩሳት ያደከመው ሕፃን ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። ቆርቆሮውን ወደ ገንቦው ሰድዳ ከታች እየፋቀች ትፈልጋለች፤ ብረት በደረቅ ሸክላ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ ጥርስ ያስፋጫል። ሁለተኛውንም ገንቦ ሞከረች። ከዚያ ወደ ማሽኑ አየችና ሕፃኑን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዛወረች።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። "አደም ቀረ?"

"መጥቶ ነበር።"

"እና?"

እጄን ኪሴ ከትቼ የማሽኑን ቁልፍ ጨበጥኩ።

"ቁልፉን አምጣ።"

"እታለም፣ ስሚኝ…"

"ቁልፉን!"

የማሽኑን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ለሴትዮዋ ሁለት ጠርሙስ ሰጠቻት፤ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለሕፃኑ ግንባር። የተሰለፈውም ተቀበላት፣ አላፊውም ተቀበላት። አንድ አሮጊት ሮንዴላዋን ስትዘረጋላት እጇን መልሳ ዘጋችባት። የመጨረሻው ጠርሙስ እስኪወጣ አላቆመችም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው፤ እኔ እዚያ ቆሜ እጮሃለሁ።

"አብደሻል? ከሰው ቤት የምትወጪበት እኮ ነው! ለአንቺ ብዬ ነው!"

"ለእኔ ብለህ ሰው አታስጠማ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "የሰው ቤት እገባለሁ። እጄ ቢላጥ የራሴ እጅ ነው። በዚህች ሴት ጥም ተነግዶ ግን በራሴ ሰዓት ብነቃ ምን ይረባኛል? ተነስ፣ ሙላ!"

ከመስጊዱ ቧንቧ በሁለት ጀሪካን እያመላለስኩ በዚያ ፀሐይ ሁለቱንም ሞላሁ። እየተራገምኩ ነው የሞላሁት። አራተኛው ምልልስ ላይ እርግማኑ አለቀብኝ፤ እፍረቱ ብቻ ቀረ።

በማግሥቱ ሐጅ ኢድሪስ ጠሩኝ። ሁሉንም ሰምተዋል። እቆጣለሁ ብለው የተዘጋጁ መስለውኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንባ ነበር ያቀረሩት። "ሐራም ዐሌክ፣ ያ ወለዲ" አሉ፤ ነውር ነው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "የደረቀው ዚሩ አይደለም፤ የእናቴ አፍ ነው።" ከዚያ ማሽኑን ከመብራቱ ነቀሉት። ወደ ዘይነባ ዞረው "አንቺ ከዚህ አትሄጂም። ሻይ ታፈያለሽ?" አሏት።

"ስድስት ዓመት ምን ሳደርግ ኖርኩ ብለው ነው?" አለች።

ሐሙስ ዕለት ሾፌሩ ሲመጣ ከኒሙ ሥር ሻይ ቀድታ አጠጣችውና ብቻውን ሸኘችው። ማሽኑን የሚገዛ አልተገኘም፤ ለአራት ብንይዘውም አልነሳ ስላለ እዚያው ቀረ። ስኳሩን፣ ዝንጅብሉንና ብርጭቆዎቹን በመስታወቱ ጀርባ ደረደረችበት፤ ጠርሙስ ይገፋ የነበረው ጠመዝማዛ ሽቦ ለብርጭቆ ልክ ሆነ። ሰዉ ሁሉ "ምን ያለ ቁም ሣጥን ነው!" እያለ ያደንቅላት ነበር። በራሷ ሰዓትም መንቃት ጀመረች፤ ሰዓቱ ግን ከእመቤቲቱ ቤት የባሰ ማለዳ ነበር። እኔ ወደ ሲሚንቶዬ ተመለስኩ። ዚሮቹን መሙላት ግን አልቀረልኝም። አገሬ እስክገባ አራት ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ሐጁ በመስኮት እያዩኝ ሞላሁ።

ዘይነባ በቅርቡ ካርቱም ላይ የተነሳው ጦርነት እስኪያባርራት ያን ዛፍ አልለቀቀችም። በመተማ በኩል አንዲት ቦርሳ ይዛ መጣች። ሐጁ ከዚያ በፊት ሞተዋል። አንዳንዴ ምሳ እየበላን ድንገት "አሁን ማን ይሞላቸው ይሆን?" ትለኛለች። "እኔ ምን አውቄ!" ብዬ እቆጣታለሁ። የምቆጣው መልሱን ስለማላውቅ ነው፤ ዚሮቹ ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አላውቅም።

እንግዲህ ሆስፒታሉ ውስጥ ይህን ሁሉ ሳስታውስ፣ ያ ወጣት ማሽኑ ቢያቅተው መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ዘይነባ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ስለተደረገላት አጥርታ አታይም።

"ምን ሆኖ ነው የሚያለከልከው?" አለችኝ።

"ማሽኑ ብሩን በልቶበት።"

"ምን ፈልጎ?"

"ውሃ።"

ቦርሳዋን ዳበሰችና የያዘችውን ጠርሙስ አወጣች። ባዶ ነው። ለልጁ አይደለም የዘረጋችው፣ ለእኔ ነው።

"ቧንቧው ሁለት ፎቅ ወርዶ ነው" አልኳት። "ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። እሱ ወጣት ነው፣ ራሱ…"

"ሰይዶ" አለች።

ተነሳሁ። ለዚያ ሕፃን እናት በወቅቱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኳት፤ ፊቷን እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ቆርቆሮው ሸክላውን ሲፍቅ ነው። ማሽኑ ጋ ስደርስ ጥበቃው አለማየቱን አረጋገጥኩና አንድ ጥፊ አሳረፍኩበት። ከዚያ ጉልበቴን ይዤ፣ እየተነጫነጭኩ፣ ጠርሙሱን ልሞላ ደረጃውን ወረድኩ።