የእድራችን ደንብ በስላይድ

ዛሬ ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ በራችን ላይ ቆመው፣ ስላይዱን እንደገና እኔው እንድሠራው ኮሚቴው መወሰኑን ነገሩን። እማዬ እንዳታየኝ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን ያምነኛል ብዬ ነበር። ደስታው ሳይበርድልኝ ያሳፈረኝን ልጻፈው፤ ሲያፍሩ መጻፍ ይከብዳል፣ ሲደሰቱ እጅ ይፍታታል።

ሰበታ የምንኖረው ተከራይተን ነው። አምና አክስቴ ሞታ እኛ ቤት ለቅሶ ስንቀመጥ ድንኳኑም ወንበሩም የመጣልን በአከራያችን ስም ነበር፤ በደንቡ ተከራይ አባል አይሆንምና። ከእድርተኛው አንዳንዱ ለማጽናናት መጀመሪያ የጨበጠው አከራያችንን ነው፤ አባቴ አጠገባቸው ቆሞ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ተከራይም በራሱ ስም አባል ይሁን እያለ ሲሟገት ከረመ፤ በመጨረሻ ኮሚቴው ረቂቅ ደንብ አዘጋጀና ጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥበት ወሰነ።

ረቂቁ ፒዲኤፍ ነበር። ፒዲኤፍ ደግሞ እንደ ፎቶ ነው፤ ያዩታል እንጂ አይነካካም። ኮሚቴው የፈለገው ቴሌቪዥን ላይ ተከፍቶ፣ ሰው አስተያየት ሲሰጥ ቃሉ እዚያው የሚታረም ነገር ነው። አባቴ ሳይጠይቀኝ ልጄ ትሠራዋለች ብሎ መጣ። በስልኬ አንድ ነፃ መለወጫ አውርጄ ፋይሉን አስገባሁት፤ ወዲያው ስላይድ ሆኖ ወጣ። ሽፋኑን ከፈትኩት። የእድሩ ስም መሃል ላይ፣ ከላይ በአማርኛ ከታች በኦሮምኛ፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ። ነካ አደረግኩት፤ ይታረማል። ቀለሙን አረንጓዴ አድርጌ ለአባቴ አሳየሁት። እሱ ለአከራያችን፣ አከራያችን ለጎረቤት እያሳዩ ተዳረሰ። ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለውን የገለጠ ግን የለም። እኔም ጭምር።

ጉባኤው ድንኳን ውስጥ ነበር። ከሆቴል በውሰት በመጣው ቴሌቪዥን ሽፋኑ ሲታይ ተጨበጨበ። ቀጣዩን ነካሁ። እኛ አካባቢ ደንብ የሚጻፈው ገጹ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ኦሮምኛ። መለወጫው ይህን ከየት ያውቃል? ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ መስመር ነው ብሎ አንብቦታል። በአማርኛ የተጀመረው ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ኦሮምኛ ይገባበታል፣ ከዚያ ተመልሶ አማርኛ። ቀጣዩም እንዲያው።

ሊቀመንበሩ፣ ሁላችን ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ባለቤቴ ስትቆጣኝ ልክ እንዲህ ነው የምትናገረው።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ ይኼማ የታክሲ ረዳት ያረቀቀው ደንብ ነው አለ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ከዚያ የተከራይ አንቀጽ መጣ። «ተከራይ የእድሩ አባል» ይልና ኦሮምኛ ይገባበታል፤ «መሆን ይችላል» የሚለው የት እንደገባ ጠፋ። የራሳቸው ቤት ያላቸው አንዲት እናት ተነሱ፤ በቁጣ አልነበረም።

«ይችላል ይበል አይችልም ይበል ባላየሁት ነገር እጄን አላወጣም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እዚያው ላርመው ጀመርኩ። የአማርኛውን ቃል ሳነሳ ኦሮምኛው ተከትሎ ይነሳል፤ እሱን የት እንደምመልሰው አላውቅም። ትምህርት ቤት የኦሮምኛ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ሰላምታም አያቅተኝም። ሙሉ አንቀጽ ግን ሌላ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያነበው ነገር ለእኔ ተዘግቶብኛል። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ዋናውን ፒዲኤፍ እስክንከፍት ሰዉ መውጣት ጀምሮ ስለነበር ድምፁ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ቀድሞኝ ይራመዳል። ይናገረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳይዞር «እኔም እኮ ሽፋኑን ብቻ ነው ያየሁት» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን መላውን አግኝቼዋለሁ። ገጹን መሃል ለመሃል ቆርጬ አማርኛውን ለብቻው፣ ኦሮምኛውን ለብቻው እለውጥና አንቀጽ ከአንቀጽ አገናኛለሁ። ማገናኘቱን ግን ብቻዬን አልሞክረውም። ስለዚህ ሰበታ ያላችሁ፣ ከቡራዩም ከሱሉልታም ወደዚህ ብቅ የምትሉ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታነቡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ግቢ ኑ። ኦሮምኛውን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እኔ ጣቴን አማርኛው ላይ አድርጌ እከተላችኋለሁ። የሳትኩበት ቦታ ላይ አስቁሙኝ።