ናፍጣው እስኪሞቅ

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ አንዋር ስልኩን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፒካፕ ሊገዛ ነው። ከኋላው ተሳቢ ቀጥሎ በግና ገለባ፣ ሲገኝም አሸዋ፣ ከመዘዞ ደብረ ብርሃን ሊያመላልስ አስቧል። ሁለት መኪና አሳየኝ። «ነጩ ቤንዚን ነው፣ ሰማያዊው ናፍጣ። አክስቴ፣ አንቺ መቼም ዕድሜሽን ሙሉ ስምሪት ላይ የሠራሽ ሰው ነሽ። ለመጎተት የቱ ይሻላል?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሾፌሮች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። እናቱ ሐዋ በመስኮቱ በኩል በምትገባው ፀሐይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች። «ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ዓመቱም የድርቁ ዓመት። ደብረ ብርሃን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የስምሪት ጸሐፊ ነበርኩ። የትኛው መኪና የት ይሂድ፣ ማን ይንዳው፣ ስንት የቤንዚን ኩፖን ይሰጠው የሚለውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም የማሳርፈው እኔ ነኝ። አባቴ የሚሆኑ ሾፌሮች እኔ ካልፈረምኩ ከግቢ አይወጡም። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ማኅተሙን ትንፋሼን እፍ ብዬበት ወረቀቱ ላይ ጠበቅ አድርጌ ስጫን የሆነ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ፒካፖች ነበሩ። ነጩ ቤንዚን ሲሆን አዲስ የሚባል ነው፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ወዲያው ይነሳል። ሰማያዊው ናፍጣ ግን አሮጌ ነው፤ ባትሪው ደክሟል፣ ከደብረ ብርሃን ውርጭ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይስማማም። ለዚህ ሲባል ማታ ማታ ከቢሮው ጀርባ ያለው ቁልቁለት ላይ፣ አፍንጫው ወደ ታች ሆኖ እንዲያድር ይደረጋል። ጠዋት ሾፌሮቹ ኩበት በቆርቆሮ ላይ አቀጣጥለው ከሞተሩ ሥር ያስገቡለታል፤ ሲሞቅ ገፍተው ያስነሱታል። የኩበቱና የናፍጣው ጭስ ተደባልቆ ሹራቤ ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል። ያን መኪና አልወደውም ነበር።

ሐዋ ታላቄ ናት። ከአልዩ አምባ ማዶ፣ ኮረብታ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ተድራ ትኖራለች። ያን ጊዜ አንድ ልጅ ነበራት። ጀማል ይባላል፤ ሦስት ዓመት አልሞላውም። ስሜን መጥራት ስለማይችል «ዜቡ» ነው የሚለኝ። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ የአልዩ አምባ የበርበሬ ነጋዴ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የሐዋን መልእክት ቃል በቃል ነገረኝ። «ዘይነብ፣ የጀማል ተቅማጥ አልቆም አለ። ምንጫችን ደርቋል። ግማሽ ቀን ሄደን ከወንዙ ጉድጓድ የምንቀዳው ጭቃ ነው። በአላህ ይሁንብሽ፣ የሚጠጣ ውሃ ፈልጊልን» ብላለች አለኝ። ነጋዴው ጨምሮ፣ «ልጁ ዓይኑ ገብቷል። ቶሎ ካልሆነ…» አለኝ።

ኃላፊያችን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው ነበር። በር ላይ ጠብቄ ለመንኩት፤ አለቀስኩበትም። ግቢው ጥግ የቆመ ሥራ ፈት የውሃ ቦቴ ነበረን፣ በፒካፕ የሚጎተት። «እሺ፣ ለአንድ ቀን አንዱን ፒካፕ ውሰዱ። የቱ እንደሚሻል ከበቀለ ጋር ተነጋገሪና ፈርሚ» ብሎኝ ገባ።

ጋሽ በቀለ የመዘዞ ሰው ነው፤ ቃል አያበዛም። ከማንም የማይጣላ፣ ግን ስለ መኪና ከተናገረ የማይመለስ ሾፌር ነበር። «ናፍጣው ነው የሚሄደው። ሙሉ ቦቴ ይዞ ያን አቀበት የሚወጣ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

በማግስቱ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ግቢ ደረስኩ። ለጀማል አንድ ቁና በሶና ትንሽ ስኳር ቋጥሬያለሁ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ናፍጣውን ማታ ያስገባው ሰው ቁልቁለቱን ረስቶ ሜዳ ላይ አቁሞታል። ኩበቱ ተቀጣጠለ፣ ሦስት ሰው ገፋው፤ ሳል አይሉት ማንኮራፋት የሆነ ድምፅ አሰምቶ ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሆነ። ሌላ ኩበት መጣ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ቋጠሮዬን ይዤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ጀማል ዓይኔ ላይ ነው።

«ጋሽ በቀለ፣ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ይሞቃል። ፀሐይ ሲያገኘው ይነሳል። ቢበዛ አራት ሰዓት ቢል ነው፣ ታገሺ።»

«ልጁ እስከ አራት ሰዓት ይታገሠኛል? ቤንዚኑን አውጣው!»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «ልጄ፣ ያ ለሩጫ ነው እንጂ ለጉተታ አይደለም። ሙሉ ውሃ አስይዘሽ አቀበት ላይ ብታወጪው ፈልቶ ይቆምብሻል።»

«ፈርሜያለሁ» አልኩት። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ አስደግፌ እዚያው ነበር የፈረምኩት። ማኅተሙንም አሳረፍኩበት። ጋሽ በቀለ ቦቴውን ከናፍጣው ፈትቶ ከነጩ ፒካፕ ጋር ያያይዝ ጀመር።

በመጀመሪያ የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። ባዶ ቦቴ እየጎተትን ሜዳውን በፍጥነት አለፍነው። ጎረቤላ ላይ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ለጋሽ በቀለ ቆርሼ ሰጠሁት፤ «አየህ?» አልኩት፣ እያሾፍኩ። ዳቦውን በላ እንጂ አልሳቀም። ከአንኮበር በታች ካለ ምንጭ በጎማ ቦቴውን ሞላን። ውሃው ጥርስ ያማል። ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ጥዱና ጉሙ ከኋላችን ቀሩ፤ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይጨምራል፣ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። ዳር ዳሩን የሞቱ ከብቶች አጥንት አለ። ሹራቤን አውልቄ በጉልበቴ ላይ አደረግሁትና መንደሩን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ስምንት ሰዓት ገደማ የመጨረሻው አቀበት ሥር ደረስን። የእነ ሐዋ ቤት ከላይ ይታየኛል። ሴቶቹ ወጥተው ቆመዋል፣ ነጠላቸው ሲውለበለብ አያለሁ። ጋሽ በቀለ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ግማሽ እንደወጣን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ሞተሩ ተንተከተከ፣ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጠፋ።

ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ጋሽ በቀለ ፍሬኑ ላይ ቆሞበታል፣ የእጅ ፍሬኑንም ስቦታል፤ ቦቴው ግን ከነውሃው ይጎትተናል። ከኋላችን መንገዱ ይታጠፋል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። «ድንጋይ! ድንጋይ አድርጊ!» አለኝ። ዘልዬ ወርጄ ያገኘሁትን ድንጋይ ከቦቴው ጎማ ሥር ወሸቅሁ። ድንጋዩ በትቢያው ላይ እየተገፋ አብሮ ይሄዳል።

«ዘይነብ፣ ቦቴውን ክፈቺው!»

ሰምቼዋለሁ። ግን ቆምኩ።

«ወየው! ገደል ልገባ ነው፣ ክፈቺው!»

ከፈትኩት። የታችኛውን ትልቁን መክፈቻ በሁለት እጄ አዞርኩት። ያ ጥርስ የሚያም ውሃ ጉልበቴን መትቶ፣ በእግሮቼ መካከል አልፎ በመንገዱ ወረደ። ትቢያው ጠጣው። ሴቶቹ እየጮኹ፣ እየወደቁ ወደ እኛ ይሮጡ ነበር። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ጋሽ በቀለ «ዝጊ!» አለኝ፤ እኔ ግን ቶሎ መዝጋት አቃተኝ። በመጨረሻ ስዘጋው ከቦቴው ሥር የቀረው ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጣሳ የሚሆን ነው።

የሴቶቹ እንስራና ጀሪካን ሁሉ ባዶ ነበር። መታጠቡ ያስታውቃል፣ ገና አልደረቀም። አንዲት አሮጊት፣ «የመኪናውን ድምፅ ስንሰማ ጊዜ የነበረንን ደፋነው፣ ልጄ። ንጹሑን ውሃ ከጭቃው ጋር እንዳንቀላቅለው ብለን፣ ዕቃችንን አጥበን ጠበቅናችሁ» አለችኝ። ሌላዋም እንዲሁ፣ ከሷ ቀጥሎ ያለችውም እንዲሁ። ወደ ሐዋ ዞርኩ። «የኔ እንስራ ቀድሞም ባዶ ነበር» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

ጀማል አልጋ ላይ ነበር። «ዜቡ» አላለኝም። ሐዋ ከጣሳዋ ውሃ በሶውን በስኳር በጥብጣ በማንኪያ ሰጠችው፤ ሁለቴ ዋጠና መለሰው። ሐኪም ቤት ይዤው ልወጣ ጋሽ በቀለ ጋ ሮጥኩ። ኮፈኑን ከፍቶ ተቀምጧል። ራዲያተሩ ደርቋል። «ውሃ ካላገኘ አይነሳም» አለኝና አንገቱን ደፋ። ከነዚያ ሴቶች ጣሳ ላይ ለመኪና ውሃ ስጡ ለማለት እሱም አልደፈረም፣ እኔም አልደፈርኩም። በቅሎና አህያውን ድርቁ ጨርሶታል። ጋሽ በቀለ በእግሩ ወደ አንኮበር ወጣ፣ ናፍጣውን እንዲልኩልን ሊያስነግር።

ጀማል በማግስቱ ከቀትር በፊት አረፈ። እናቱ እጅ ላይ ነበር፣ እኔ እግሩን ይዤ። ጎረቤቶች ያቺን የቀረቻቸውን ከየጣሳቸው አዋጥተው ሊያጥቡት አመጡ። ሼኹ መለሷቸው። «ውሃው ለሕያዋን ይሁን። ውሃ ሲታጣ ተየሙም ተፈቅዷል» ብለው እጃቸውን አፈሩ ላይ መታ አድርገው ፊቱንና እጆቹን አበሱት። አንድ ሙሉ ቦቴ ውሃ ላመጣለት የተነሣሁት ልጅ በአፈር ታጥቦ ተቀበረ። እኔ ከመቃብሩ ራቅ ብዬ፣ የተረፈውን በሶ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ናፍጣው መጣ። ድምፁ ገና ከሩቅ ይሰማል። አንድም ሴት ዕቃዋን አልደፋችም። አሮጌው ሰማያዊ ፒካፕ ሙሉ ቦቴ እየጎተተ፣ እያጨሰና እያጉረመረመ ያን አቀበት አንዴም ሳይቆም ወጣ። ጋሽ በቀለ ከጋቢናው ወርዶ እኔን ሳይሆን ሐዋን ነበር የፈለገው። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እኔ ለሐዋ ነጩን መኪና የመረጠው መሥሪያ ቤቱ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም።

ከጓዳ ስመለስ አንዋር አሁንም ስልኩን እያየ ነው። ሐዋ ከምስሩ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ናፍጣውን ግዛ» አለችው።

«አክስቴን ነው እኮ የጠየቅኋት፣ እማዬ።»

«እሷን አትጠይቃት። ናፍጣ እስኪሞቅ መጠበቅ አትችልም።»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«በቀለ ነዋ። ናፍጣውን ይዞ የመጣ ቀን። ልጅቷን እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያለ አለቀሰብኝ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

ያኔ ቀና አለች። እጇ ላይ ያለውን ምስር ወደ ሰፌዱ መለሰችው። «ምን ብዬ ልናገርሽ? የኔም እንስራ እኮ ባዶ አልነበረም፣ ዘይነብ። እስከ ግማሹ ውሃ ነበረው። እኅቴ መጣችልኝ ብዬ፣ ከሁሉም ቀድሜ የደፋሁት እኔ ነኝ።»

አንዋር አንዴ እኔን አንዴ እናቱን ያያል። ስለ ሟች ወንድሙ ያውቃል፤ ስለ ውሃው ግን ማናችንም ነግረነው አናውቅም። ሄጄ ከሐዋ ጎን ተቀመጥኩና ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ምስር ዘግኜ መልቀም ጀመርኩ። ሁለታችንም እያለቀስን ስለነበር ጠጠሩን ከምስሩ መለየት አልቻልንም። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ብታገሥ ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ያቺ ግማሽ እንስራ ጭቃ ብትኖርስ? እሱንም አላህ ነው የሚያውቀው። የማውቀው፣ ሦስት ሰዎች አንድን ልጅ ለየብቻችን ስንገድለው መኖራችንን ነው።

አንዋር ናፍጣውን ገዛ። የዛሬ ናፍጣ እንደ ድሮው አይደለም፣ ኩበት አይፈልግም፤ እሱ ግን ጠዋት አስነሥቶ ትንሽ ያሞቀዋል። እኔ በዚያ ብርድ ጋቢዬን ደርቤ እወጣና አጠገቡ እቆማለሁ። «አክስቴ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ብርድ ላይ? ግቢ እንጂ!» ይለኛል። ቆይ ይሙቅ እለዋለሁ።