እትዬ አስካለ፣ የዊልቸር ገፊዋ

አላምንም። እናንተም አትመኑ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት፣ አምና ከመርከብ ጉዟችን የለጠፍኩት የእትዬ አስካለ ፎቶ ሥር ሰዎች "ነፍስ ይማር" እያሉ ጽፈዋል። ተቆጣሁ። "ኧረ እግዜርን ፍሩ፣ በሕይወት ያለች ሴትዮ ናት!" ብዬ መልስ ጻፍኩ። ትናንት እኮ የሆስፒታሉ ነርስ ትንሽ ተሽሏታል ብላኝ ነበር። ከዚያ ታናሽ ወንድሟ ጋሼ ተፈራ ጋ ደወልኩ። ስልኩን አነሳና "እትዬን..." ብሎ መልሶ ዘጋው። ያኔ ገባኝ።

ንጋት ላይ አረፈች። ኮሮና ነው።

ለማታውቋት፦ እትዬ አስካለ እዚህ ኮሎምበስ ኤርፖርት ዊልቸር ስትገፋ የኖረች ሴት ናት። እኔም እዚያ ስቀጠር ሥራውን ያሳየችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን አንቱ ብላት፣ "አንቱ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል፣ አንቺ በይኝ" አለችኝ። እና እዚህም አንቺ ስላት ባለጌ እንዳትሉኝ።

እናቷ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። በልጅነቷ ዘመዶቿ "ገፊ" ይሏት ነበር፣ እናቷን ገፍታ የመጣች ለማለት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። "አሜሪካ ደግሞ ዩኒፎርም አልብሶ ገፊ አደረገኝ" ትል ነበር። ስቃ ስትጨርስ ግን ፊቷ ቶሎ አይመለስም።

ጡረታ ስትወጣ ባሕር አማራት። አምና በዚህ ሰሞን፣ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ይሄን በረዶ ጥለን ሁለታችን የካሪቢያን መርከብ ተሳፈርን። ጉልበቷ ያኔም አልቆ ነበር። ግን በዚያ ዕድሜ ደሴት ላይ መዝናናት እንደሷ የሚያውቅበት ሰው አላየሁም። መርከቡ ሲቆም ሕዝቡ ሁሉ ተጋፍቶ ሲወጣ እሷ ቁጭ ብላ ቁርሷን ትበላለች። እኔ እቁነጠነጣለሁ።

"ሪላክስ አድርጊ እንጂ! ደሴቷ የትም አትሄድ። የምትሄደው መርከቧ ናት።"

ግፊያው ሲያልቅ ቀስ ብለን እንወጣለን። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የሚያዞሩበትን ጉብኝት ጭራሽ አትሰማም። ወደቡ በር ላይ ከቆሙት ታክሲዎች ሸበቶውን ሹፌር ትመርጥና፣ በዚያ በእሷ እንግሊዝኛ፣ "እናትህን ለማዝናናት የት ነው የምትወስዳት? እኛንም እዚያ ውሰደን" ትለዋለች። አንዱማ የእውነት እናቱ ቤት ወሰደን። ዓሣ ተጠበሰልን፣ ሁለቱ አሮጊቶች በረንዳ ላይ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ዋሉ። ባሕሩ እዚያው ፊት ለፊታቸው ነበር። ከዚያ መርከቡ ሊነሳ ገና ብዙ ሲቀረው "እንሂድ" ትላለች። በዚህ ቀልድ የላትም።

ሴንት ማርተን የምትባለው ደሴት ላይ ከመርከቡ እስከ ወደቡ በር ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ዊልቸር ለምኜ አመጣሁላት። አልቀመጥም አለች።

"እኔ ገፊ ነኝ እንጂ ተገፊ አይደለሁም።"

ቦርሳችንን ወንበሩ ላይ ጭና፣ እሱኑ ተደግፋ እየገፋች ሄደች። ስንመለስ አንዲት ነጭ አሮጊት፣ እትዬ የመርከቡ ሠራተኛ መስላት፣ ቦርሳችንን አንስታ ለእኔ አቀበለችኝና ቁጭ አለችበት! "ወደ መርከቡ" ብላ እጇን ዘረጋች። ልናገር ስል እትዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። "ተያት፣ ደክሟታል።" እና በዚያ በተጎዳ ጉልበቷ ገፋቻት። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ዊልቸሩን አዙራ በጀርባ በኩል ቀስ አድርጋ አወረደቻት፣ ልክ ኤርፖርት እንደምታደርገው። አሮጊቷ አመስግና ገባች። እኔ በሳቅ ሞትኩ፣ እትዬ ግን አልሳቀችም።

"የገፋሁት ሰው ሁሉ በሰላም ደርሷል" አለችኝ። "አንድም የወደቀብኝ የለም። ይሄን እወቂልኝ።"

ፎቶውን ያነሳኋት ያኔ ነው።

ባለፈው ወር ጋሼ ተፈራ ከሚሠራበት ከግሮቭፖርቱ የዕቃ መጋዘን በሽታውን ይዞ ገባ። የአባቷ ልጅ ነው፣ አዝላ ያሳደገችው። አብረው ነው የሚኖሩት። ደውዬ "ክፍልሽን ዝጊ፣ እንዳትጠጊው!" ብዬ ጮህኩባት። "ታዲያ ሾርባውን ማን ይስጠው?" አለችና ዘጋችብኝ።

እሱ ተነሳ። እሷ ወደቀች።

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። አንድ ቀን ነርሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። "ተፈራ በላ?" አለችኝ። "በላ እትዬ፣ ድኗል" አልኳት። ከዚያ ሳል ብቻ ነው የሰማሁት። መስማቷን እንኳ አላወቅኩም።

ዛሬ ቤታቸው ሄድኩ። ለቅሶ ነው ይሄ? ማስክ አድርጌ ደጃቸው ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በረዶው ውስጥ ቆሜ፣ እሱ ደግሞ ከመስታወት በሩ ኋላ ሆኖ እያለቀሰ! ሰው አቅፎ ማልቀስ እንኳ ተከለከለ። አንድ ሰው እጁን ቢይዘው ምን አለበት?

"እትዬን የገፋኋት እኔ ነኝ" አለኝ። "ገፊስ እኔ። እሷን በከንቱ ስም አወጡላት።"

ኧረ ጋሼ፣ በሽታ ነው፣ ዓለሙን ሁሉ ነው የያዘው፣ እንጀራህን ልታመጣ ነው የወጣኸው፣ ስንቱን አልኩት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ገባና መጋረጃውን ዘጋው።

እትዬ፣ ጌታዬ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍሽ። በሰው ፊት እየሳቅሽ ዕድሜ ልክሽን የቻልሽውን "ገፊ" የሚለውን ቃል እሱ አይችለውም። ሳቅ አያውቅበትም፣ ታውቂዋለሽ። ከላዩ የምታወርጂለት አንቺ ብቻ ነበርሽ። እኔ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ደህና ሁኚ፣ እትዬዋ። ነገም ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ።

ምን ልበለው?