በቅሎ ያዡ
አራዳ፣ ከችሎቱ ደጅ፣ የጌታውን በቅሎ ይዞ የሚውል አንድ ሰው ነበር። ልጓሙን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ በደነዘ ካራ የወይራ ዱላ ላይ ወፎች ይቀርጽ ነበር። የጌታው የመሬት ሙግት ዓመት አልፎታል።

«አይሰለችህም?» ብዬ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅሁት።

«እቤት ሳር አጨዳው፣ እንጨት ፈለጣው አያስቀምጠኝም። እጄ የራሴ የሚሆነው ጌታዬ ሲከራከሩ ነው» አለኝ።

ትናንት ጌታው እየሳቁ ከችሎት ወጡ። የጀመራት ወፍ ገና ክንፍ አልነበራትም። ካራውን ኩታው ውስጥ ሸሸገና እርካቡን ያዘላቸው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? ረታን እኮ» አሉት።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ» አለና፣ «ባላጋራዎ ግን ይግባኝ አይልም?» ሲል ጠየቃቸው።