ሲሞቀው የሚወድቅ ብረት

ከአስኮ በወጣሁበት ምሽት ባለቤቴ ዘነበች ጋቢዬን ሻንጣ ውስጥ ስትጠቀጥቅ፣ እኔ ለተሰበሰበው ጎረቤት ስለ ትዕግሥት ምክር እሰጥ ነበር። ምክሩ ሳያልቅ መኪናው ደረሰ። ዘነበች በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ፣ "ቁርጥማቴን ታውቃለህ። ቤቱ መሞቁን በእውነት ካልነገርከኝ ልከተልህ ከአስኮ ንቅንቅ አልልም" አለችኝ። እንደማልዋሽ ታውቃለች፤ ልጆቼንም ያሰለቸኋቸው በዚሁ ነው።

ጀርመን የተከራየሁት ቤት ግን ቆሼ አጠገብ ካለ የቆርቆሮ ቤት ይብሳል። ማሞቂያው፣ እነሱ "ሃይትሱንግ" የሚሉት፣ ኳ ኳ ይላል እንጂ አይሞቅም። አቤት ስል አከራዬ ኸር ዲተር፣ አቶ ዲተር ማለት ነው፣ መጣና ሳይቀመጥ መስኮቱን በረገደው። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚወርድበት አያውቅም።

"ኧረ ይዝጉት፣ ብርድ ይመታናል" አልኩት።

"ንጹህ አየር ነው። ብርድ ስሜት ነው" አለኝ።

ስሜት አለመሆኑን የማሳይበት ነገር ነበረኝ። የምሠራው የብረት ውህዶች በሚመረመሩበት ላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። እዚያ ጋዶሊኒየም የሚባል ብርቅ ብረት ከሲሊኮንና ከጀርማኒየም ጋር አቅልጠው ያዋህዳሉ። ውህዱ ሲበርደው ማግኔት ይይዘዋል፣ ደህና ቤት የሚሞቀውን ያህል ሲሞቀው ይለቀዋል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ፣ የጋዶሊኒየሙ አቶሞች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ማግኔት ናቸው። በብርድ ሁሉም ተስማምተው ይሰለፋሉ፤ ሙቀት ሲመጣ እያንዳንዱ ወደ ፈለገበት ይዞራል። ቤቴል ማለዳ ላይ የሚያምረው የታክሲ ሰልፍ ታክሲው ሲመጣ እንደሚሆነው ማለት ነው። ልጆቼ፣ ምቾት እንደሚበትን ከዚህ ተማሩ።

ዶክተሯ የሰጠችኝን የዚያን ውህድ ስባሪ ከጠረጴዛዬ በላይ ባለው መደርደሪያ ሥር ባጣበቅሁት ማግኔት ላይ ሰቀልኩት።

"ኸር ዲተር፣ ቅዳሜ ይምጡ። ብረቱ እንደተንጠለጠለ ከቆየ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሞቂያውን ያሠሩልኛል። ከወደቀ አፌን እዘጋለሁ።"

"ተስማምተናል" አለ።

ሳምንቱን ሙሉ አልወደቀም። ቅዳሜ ጠዋትም ተንጠልጥሎ ነበር። ነገር ግን እንግዳ ይመጣል። ባላጋራም ቢሆን ቤት ከገባ ሳይቀምስ አይወጣም ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሽሮ ጣድኩ፣ ድንች ቀቀልኩ፣ ሻይ አፈላሁ፤ እንግዳዬን ብርድ እንዳይመታው ደግሞ የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ደፈንኩ።

ኸር ዲተር ሲገባ መነጽሩን እንፋሎት ሸፈነው። ኮቱን አወለቀ። ሽሮውን በዳቦ እየጠረገ "ሌላ አለ?" አለኝ። ጨመርኩለት። በቃኝ ሲል "በሞቴ፣ ይችን ብቻ" ብዬ ደገምኩለት።

ብረቱ ኳ ብሎ ሳህኑ ላይ ወደቀ።

"ቫርም" አለ ላቡን እየጠረገ። ይሞቃል ማለቱ ነው። ማሞቂያውን ዞር ብሎም ሳያየው አመስግኖ ወጣ።

ከሰዓት ዘነበች ደወለች።

"እህ፣ ቤቱ ይሞቃል?"

ቀና ብዬ አየሁ። ድስቱ ቀዝቅዟል፤ መልሼ የሰቀልኩት ብረትም ማግኔቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

"እንግዳ ሲመጣ ይሞቃል" አልኳት።

ከኋላዋ የታክሲ ረዳት "ቡራዩ፣ ቡራዩ" ሲል ይሰማኛል።

"አንተ ሰውዬ፣ እና እኔ እንግዳህ ነኝ?" አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ፣ ዓይኔን ብረቱ ላይ ተክዬ ሽሮውን መልሼ ጣድኩት።