ስለ ጎረቤቴ የተናገርኩ ቀን

ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል፣ ለማን የትኛው ኮንዶሚኒየም እንደደረሰው የሚገልጽ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ለእኛ ምድር ቤት ደረሰን፤ ተመስገን አልኩ። ጣቴን ወደ ታች ሳወርድ የጎረቤቴን ስም አገኘሁት። አራተኛ ፎቅ።

ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ የቤታቸውን ደፍ የሚሻገሩት እንኳ ትከሻዬን ይዘው ነው። ሦስቱን ልጆቼን ስወልድ የአራስነቴን ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው።

"አራተኛ ፎቅማ ጥሩ ነው" አሉ ስነግራቸው። "ለሰማይ ይቀርባል።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አንዴ ከወጡ የሚወርዱት በሬሳ ሳጥን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ቅሬታ ያለው ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይናገር ተባለ። እሳቸው የሚናገርላቸው ሰው የላቸውም። እኔ ደግሞ በእድር ስብሰባ እንኳ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ታላቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ በሰው ፊት ንግግር ስለማድረግ ተምራለች። ሳምንቱን ሙሉ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት አቆመችኝ።

"እማዬ፣ ወለሉን አትዪ። ሰዎቹን እያቸው።"

"ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ?"

"ዓይናቸው ካስፈራሽ ግንባራቸውን እዪ።"

"ወረቀት ልያዝ?"

"በጭራሽ። ከያዝሽ ወረቀቱን ነው የምታናግሪው። አንድ ነገር ብቻ ያዢ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ምድር ቤት እንዲሰጣቸው።"

"በቃ! እሱን አስቀድሚ። 'በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ' እያልሽ እንዳትጀምሪ። ምስጋናሽ ሳያልቅ የተሰጠሽ ደቂቃ ያልቃል።"

"ያለ ምስጋና! ያሳደግኳት ልጅ ናት እንዲህ የምትለኝ?"

ሐሳብ ሲጠፋሽ "ማለቴ፣ ማለቴ" አትበዪ፤ ዝም ብለሽ ተንፍሺ፣ ሰው ይጠብቅሻል አለችኝ። ይህኛው አልከበደኝም። ዝምታ አውቃለሁ።

ስብከትም ብዙ ሰምቻለሁ። በልቤ የቀሩት ረጅሞቹ አይደሉም። አንድ ሽማግሌ ቄስ "የተጣላችሁ ታረቁና ኑ" ብቻ ብለው የወረዱበት እሑድ ግን ስንቱን አስታርቋል። ይህን ስነግራት ልጄ "እኛ ሙሉ ሴሚስተር የተማርነው ይህንኑ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቂርቆስን ተሳልሜ መጣሁና፣ ከልጄ ጋር ጎረቤቴን ደግፈን ቀስ እያልን ሄድን። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን ቀና ብለው አዩና "አንቺ ሂጂ" አሉኝ። ጥበቃው ወንበር ሰጣቸው፤ ታች ቀሩ።

ተራዬ ደርሶ ስነሳ፣ በትልቅ ሰው ፊት እንደለመድነው የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ኖሯል። መስታወቱ ፊት ነጠላ ለብሼ አልተለማመድኩም፤ ልጄም ይህን አላሰበችውም።

"አይሰማም!" አለ አንዱ ከኋላ።

ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"እናቴ፣ ነጠላዎን ከአፍዎ ያንሱት እንጂ! ከነጠላው ጋር ነው እንዴ የሚያወሩት?" አለ ያው ሰውዬ።

አዳራሹ ሳቀ። ነጠላዬን አወረድኩ፤ ያጠናሁት ሁሉ አብሮት ወረደ። "ማለቴ" ልል ስል ልጄን አየኋት። ጥግ ላይ ቆማ፣ እኔ እንድተነፍስ እሷ ትተነፍሳለች። ተነፈስኩ። በልቤ "ጌታ ሆይ" አልኩና ሰብሳቢውን አየሁት፤ ግንባሩን ሳይሆን ዓይኑን።

"የመጣሁት ለጎረቤቴ ነው። አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል። ምድር ቤት ይሰጣቸው።"

"ባለጉዳይዋ ራሳቸው ለምን አልመጡም?"

"መጥተዋል። ታች ጥበቃው ጋ ተቀምጠዋል። ይህን ደረጃ መውጣት አቃታቸው።"

ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ገንፎው። ግን ተቀመጥኩ። አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሰብሳቢው መዝገቡን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ተነሳና ወደ ታች ወረደ። የቻለው ሁሉ ተከተለው።

ጎረቤቴ ሰው ሲግተለተል ሲያዩ ደነገጡ። "ምነው፣ አባረሯችሁ?"

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። "እማማ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰዎት?"

"አዎ ልጄ። አንተ ከተሸከምከኝ አልጠላውም።"

እየሳቀ እዚያው መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተለወጠላቸው፤ ምድር ቤት፣ ከእኛ በር ቀጥሎ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስድስት ዓመት ኖሩበት። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን ይወጡና ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ለሚያልፈው ሁሉ ንግግሬን ያወሩ ነበር፤ አዳራሹን እንዴት ጸጥ እንዳሰኘሁት፣ ሹሞቹ እንዴት እንደተንቀጠቀጡ።

"እማማ፣ እርስዎ ታች ነበሩ፤ መቼ ሰሙኝ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"መስማት ምን ያደርግልኛል?" አሉ እግራቸውን ወደ ፀሐዩ እየዘረጉ። "ይኸው ደጄ ላይ ተቀምጬ የለም?"